የጭላሎ ብርድ ያቀዘቅዘዋል ስለተባለው ኮምፒውተሬ

ይድረስ ለተከበሩ ኢንጂነር መርሻ ወልደ ሚካኤል፣ ለኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ባለቤትና ለሠልጣኞች መምህር፤
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ እጆችዎ ደኅና ናቸው ወይ? እርስዎ ከነካኩት ነገር ሁሉ እስካሁን በጤና የማያቸው እነሱን ብቻ ስለሆነ ነው መጠየቄ። እኔ ሰርግ ቀርጬ የማቀናብረው ጎረቤትዎ ፋናዬ፣ ኮምፒውተሬ ዘገየብኝ ብዬ ባማክርዎ ስለዋሉልኝ ውለታ በሕዝብ ፊት ላመሰግንዎ ይህን ጽፌ በሱቅዎ በር ላይ ለጥፌያለሁ።

1. ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ሲያስሮጡት፣ ማዘርቦርዱ ከርካሾቹ ሁሉ ርካሹ፣ ጫና የማይችል መሆኑን አስታውሼዎት ነበር። ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ በየመሐሉ ሙቀቱን እያዩ መሞከር እንደሚገባም ከመመሪያው አነበብኩልዎ። መመሪያ የሚያነብ ጀማሪ ብቻ መሆኑን አስተምረውኝ ቮልቴጁን ባንዴ ሰቀሉት። ለትምህርቱ እግዜር ይስጥልኝ።

2. ተጨማሪ ማራገቢያ ልግዛ ስል፣ በአሰላ ብርድ ማራገቢያ መግዛት ሙቀት ያቃጠለው የቆላው የዴራ ሰው ሥራ ነው ብለው የጎን ክዳኑን ፈቱና ኮምፒውተሩን ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያየው የቤቴ ክፍት መስኮት ሥር አስቀመጡት። ወሩ ኅዳር መሆኑን፣ ከመስኮቱ ማዶ ኮምባይነር ስንዴ እያጨደ መሆኑን ልብ ማለት ለአንድ ኢንጂነር የሚመጥን ሥራ አልነበረም መሰለኝ። በሳምንቱ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በእብቅ ታፍኖ ቆመ።

3. ኮምፒውተሩ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲጠፋ እየሮጥኩ መጣሁ። ገና እየለመደ ነው አሉኝ። በሦስተኛው ጨሰና ዲስኩንም ይዞት ሄደ። ዲስኩን አዳማ ድረስ ወስጄ አሳየሁት፤ ከውስጡ ምንም አይወጣም ተባልኩ።

4. ዲስኩ ላይ የደንበኛዬ የሙቢና ሰርግ ነበር። አባቷ ጋሽ ሀሰኖ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቋት ቀርጫለሁ፤ ከሰርጉ በኋላ ወር ሳይሞላ አረፉ። ቤተሰቡ ድምፃቸውን የያዘ ሌላ ነገር የለውም። በካሜራው ካርድ ላይ የቀረውን ቅጂ ለሚቀጥለው ሰርግ ቦታ ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን በእርስዎ አላላክክም፤ ያንገበግበኛል። እርስዎ ግን ስነግርዎ ሌላ ሰርግ አይጠፋም ብለው አጽናኑኝ። እውነት ነው፣ ሰርግ አይጠፋም።

ዕውቀትዎ በእርስዎ ላይ ብቻ ተወስኖ እንዲቀር፣ ወደ አንድም ሠልጣኝ እንዳይተላለፍ ዘወትር የምትጸልይልዎ፣

አክባሪዎ ፋናዬ እንደሻው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሱቅዎ ውስጥ ቆሜ ስጠብቅዎ የራስዎን ኮምፒውተር አየሁት። በፋብሪካው ፍጥነት ነው የሚሠራው፤ ክዳኑ ግጥም ብሏል፤ ሁለት ማራገቢያም አለው። ሙቢና ቅዳሜ የአባቷን ድምፅ ልትሰማ ከኢተያ ትመጣለች። መጥፋቱን አልነገርኳትም፤ ወደ እርስዎ ሱቅ እንድትሄድ ብቻ አድራሻውን ሰጥቻታለሁ። ይህ ወረቀት በሩ ላይ ከቆየ አንብባው ትገባለች፤ ከቀደዱት ግን እርስዎ በአፍዎ ይነግሯታል።