የአባዬ ቀይ መኪና ቺንጋ

ረቡዕ

አይሸጣትም! ቢያንስ እስከ እሁድ። አባዬ ስድስት ነፍስ እያስተዳደረ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪና ገዝቶ ሶዶን በሙሉ ያሳቀ ሰው ነው። አሁን ታይሚንግ ቺንጋዋ፣ የሞተሩ ጥርሳም የጎማ ቀበቶ፣ ተሰነጣጥቋል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተር አለቀ። አንድ ጮሌ ነጋዴ «እንዳለች ልውሰዳት» ብሎታል።

«እኔ እቀይረዋለሁ» አልኩ። ቴክኒክና ሙያ አውቶ የምማረው ለጌጥ ነው እንዴ? አባዬ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «እሁድ ካልተነሳች ሰውዬው ይወስዳታል።»

ሐሙስ

አዲሱ ቺንጋ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደረሰ። አሮጌውን ከመፍታቴ በፊት አዲሱ ቦታውን እንዳይስት ቺንጋው የሚዞርባቸው መዘውሮችና ሞተሩ ላይ ምልክት አደረግኩ፣ በእማዬ የጥፍር ቀለም። (አላወቀችም።) ሲወጣ እንደ ቋንጣ ደርቋል። ዝናብ ሳይመጣ መኪናዋን ከደጅ ወደ ግቢ ማን ያስገባልኛል?

ዓርብ

ልቤ ልትቆም ነበር! ሱቅ ደርሼ ስመለስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሎላሞ፣ እኩዮቻቸውን አስከትለው መኪናዋን ከብበዋታል። የቆመ መኪና ካዩ የሚያውቁት መግፋት ነው።

«ሁለተኛ ማርሽ አስገብተናል፣ ስንገፋት ትነሳለች!»

ቺንጋ ሳይኖራት በማርሽ ከተገፋች እኮ ቫልቩ ይጣመማል! ነገርኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ስንት መኪና ገፍተናል!»

መግፋቱንስ ገፍተዋል። የነዳ ግን ከመሃላቸው የለም።

ክርክር እንደማያዋጣ ገባኝ። «ጋሼ፣ ሳንጸልይ ልንገፋ ነው?» አልኩ። ባርኔጣ ወረደ፣ ዓይን ተጨፈነ። ጋሽ ሎላሞ ከአዳም ጀመሩ። ኖኅ መርከቡ ውስጥ ሳይገባ እኔ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ከማርሽ አወጣኋት! «አሜን! ግፉ!» እስከ አስፋልቱ ገፉ፣ እያለከለኩ መለሱ። አልነሳ አለች። «በቃ ወደ ግቢ እናስገባት» አልኳቸው። አስገቧት። ጣሪያ ሥር ከመድረሷ ዝናቡ ወረደ። ሃሃ!

ቅዳሜ

አዲሱን ገጠምኩ። ሞተሩን በብሎን መፍቻ፣ በእጄ፣ ሁለት ዙር አዞርኩት። ምልክቱ በአንድ ጥርስ ስቷል። አለቀስኩ? ትንሽ። ፈታሁት፣ እንደገና ገጠምኩ፣ መወጠሪያውን አጠበቅኩ፣ አዞርኩ። ገጠመ! ግን ሞተሩን ለማስነሳት አልደፈርኩም። ነገ።

እሁድ

ተነሳች!!! ቁልፉን ገና ከማዞሬ! ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰፈር ሁሉ እያየ። ጋሽ ሎላሞ «ጸሎቱ ሠራ!» አሉ። እንዴታ ጋሼ፣ እሱ ባይኖር መች ትነሳ ነበር! አባዬ ጎኑ አስቀምጦ አንድ ዙር ወሰዳቸው። ሲመለሱ መሬት ከነካው ወንበር መውጣት አቅቷቸው ሦስት ሰው ጎትቶ አወጣቸው።

ገና እየሳቅን ስልክ ጮኸ። ጮሌው ነጋዴ። አባዬ በግራሶ የተለወሰ እጄን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይ ወንድሜ፣ አትሸጥም» አለው። «መካኒኳ አልፈቀደችም።»