ስለዚያ የመዳብ አረር ሳጥንህ

ለተወደድከው ወንድሜ ለሎዌል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ? ባለፈው ስንነጋገር ደረጃ ስወርድ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ብለኸኝ ነበርና ሐኪሙ ምን አለህ? ባለቤትህ ግሬታስ እንደምን አለች? የቀኝ ጆሮዋ ተከፈተላት ወይስ አሁንም ደስ ያላትን ብቻ ነው የምትሰማው? ኮሪንስ ከነልጇ ደህና ናት? አላስካ ላይ ብርዱ ገና ነው ወይስ ኮትህን ማውለቅ ጀመርክ? እኔ ወገቤን ቆረጥ ከሚያደርገኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጣሪያው አያፈስም፣ ድመቷ ወፍራለች፣ የወንዙ በረዶም መሰነጣጠቅ ጀምሯል።

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ግሬታ ስላነሳች ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ። ነገሩ የባሌን የሜርልን ስም ያስነሳል። ነፍሱን ይማረው፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ነገር ግን እውነቱን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እንደምታውቀው ሜርል ካረፈ ጀምሮ በተኩስ ክለባችን ቡድን አራተኛዋ እኔ ነኝ። ከቀብሩ ማግስት የቡድኑ አለቃ ሃርላን መጥቶ «ለጊዜው ቦታውን ያዢልን» አለኝና የሜርልን ሽጉጥ ይዤ ቆምኩ። ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። ሰሌዳው ላይ ግን እስካሁን «የሜርል ቦታ» ነበር የሚለው። በጥር ወር አዲስ የጥርስ ሐኪም ወደ ከተማችን መጣ። ዶክተር ፕሬስተን ይባላል፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሽጉጡ ከእኔ መኪና የሚወደድ ሰው ነው። ሃርላን ራሱን እያከከ «ቨርና፣ እንግዲህ ለአራተኛው ቦታ ከዶክተሩ ጋር ትወዳደራላችሁ፤ የመጋቢት ሁለተኛ ቅዳሜ» አለኝ። የተሸነፈ መጥቶ ቡና መቅዳት ይችላል ብሎም ሊያጽናናኝ ሞከረ።

እውነቱን ልንገርህ ሎዌል፣ ፈራሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከድመቷ ሌላ የሚያናግረኝ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ግን በአንድ እጄ ሽጉጥ ይዤ ኢላማው ፊት ስቆም ሰው ነኝ። ያን ትቼ ለጥርስ ሐኪም ቡና የምቀዳ አልሆንም አልኩ።

ችግሩ ጥይቱ ነው፤ እኔው ቤት ነው የምሞላው። ቀለህ ሞልቷል፤ የሜርል ባሩድም አላለቀም፤ ከቀለሁ አፍ ላይ የምትቀመጠው አረር ግን በየሳምንቱ ታልቅብኛለች። አንተ ትሰብክ የነበረውን አልረሳሁም፤ አረሩን መዳብ ያላለበሰ ሰው ውድድር ባይገባ ይሻለዋል ትል ነበር። በጡረታዬ ግን መዳብ ማለት እራት መተው ማለት ነው። ስለዚህ ጥር እና የካቲትን ሙሉ ስፈትን ከረምኩ። ሽጉጡን ሞርሳ ላይ አስሬ፣ የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ እንዳይገባበት አድርጌ፣ በሃምሳ ያርድ ከየዓይነቱ አሥር አሥር ተኮስኩ። የመዳቡ አሥር ቀዳዳ በማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ይሸፈናል። ያ ሱቅ የሚሸጡት ቀይ ቀለም የተቀባው እርሳስ የሻይ ሰሐን ያህል ቦታ ያዘ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የኦርቪል ደግሞ የእራት ሰሐን።

ኦርቪልን ታስታውሰዋለህ፤ ቧንቧ ሠራተኛው፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ጋራዡ ውስጥ የጎማ ባላንስ እርሳስ እያቀለጠ አረር የሚያፈስሰው። አንድ የቡና ቆርቆሮ ሙሉ በአሥራ አምስት ዶላር ይሰጣል፤ ቆርቆሮው ከተመለሰለት በአሥራ አራት። እኔም ወረቀቱን ወስጄ ፊቱ ዘረጋሁለትና «ይሄን ምን ትለዋለህ? ጨው የበተንኩ ነው የሚመስለው» አልኩት። አየት አድርጎ «የኔ እርሳስ ምንም አልሆነም። የሜርል ሽጉጥ አፈሙዝ ነው ሆደ ሰፊ። እሱም ፀጉር ታህል አወፍርልኝ እያለ ነበር የሚነዘንዘኝ» አለኝ። አወፈረልኝ። እርሳስ እንደ ጫማ ነው ለካ፤ ሰፋ ካለ እግር ይንሸራተታል። የሚቀጥለው አሥር ጥይት በስኒ አፍ ተሸፈነ። ከመዳቡ እኩል! ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ምን ነበረበት? አልተውኩም። ምናልባት ከመዳብ የሚበልጥ ይወጣዋል ብዬ አምስት መቶዋን አረር አንድ በአንድ በሚዛን እየለካሁ፣ ከባዱን ከቀላሉ እየለየሁ፣ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ደረደርኩ። አምስት ካርቶን ሞላሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት ጨርሼ ወጥ ቤቱን ልጠርግ ብዬ ካርቶኖቹን በረንዳው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው።

የፋኒ ዮደርን ነገር ታውቃለህ። በየሐሙሱ በፈረስ ጋሪ እንቁላል ታመጣለች፣ አግዳሚው ላይ የተውንላትን ባዶ ካርቶን ደግሞ ትወስዳለች። የዚያን ዕለት እሷ አመማትና ባሏ ኢላይ መጣ። እንቁላሉን አስቀመጠ፣ አምስቱን ካርቶን ጫነ፣ ሄደ። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ባዶ ካርቶን የት አየ እንዳትለኝ፤ ኢላይ ሰው የሰጠውን ከፍቶ የሚያይ ሰው አይደለም። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ብቅ ስል የጋሪው ድምፅ ብቻ ቀረኝ። መኪናዬን አስነስቼ እቤታቸው ስደርስ ልጃቸው «አባባ በዚያው ወደ አጎቴ ሠርግ ሄዷል፤ ሰኞ ነው የሚመለሰው» አለችኝ። እነሱ ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ ስልክ የላቸውም፤ የአጎትየውም ቤት አምስት ሰዓት መንገድ ነው።

ዓርብ ጠዋት ኦርቪል ዘንድ ሮጥኩ። ኩላሊቱን ሊታይ ክሊቭላንድ ሄዷል፤ ጋራዡ ተቆልፏል። የመሣሪያ ሱቁ መዳብም ሆነ ቀዩ እርሳስ የለኝም አለ። ቀለሁ አለ፣ ባሩዱ አለ፣ አረር የለም። ቅዳሜ ነገ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ጉልበትህን አዝናና። ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። በሁለት ሺህ ስምንት ወደ አላስካ ስትሄድ «ለብሔራዊው ውድድር ስመለስ እፈልጋታለሁ፤ ማንም እንዳይነካት» ብለህ በቴፕ ጠቅልለህ የተውካትን፣ ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን የመዳብ አረር ሳጥን ከመደርደሪያው አወረድኳት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራዋን ጠርጌላታለሁ፤ ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ናት እያልኩ። ቴፑን ቀደድኩ።

ውስጧ መዳብ የለም። እርሳስ ነው። የኦርቪል እርሳስ፣ ጠፍጣፋ አፍንጫ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሥርዓቱ ተደርድሯል። ከላዩ በሜርል የእጅ ጽሑፍ ትንሽ ወረቀት አለች። እንዲህ ትላለች፦ «ቨርና፣ ይህን ካነበብሽ እንደኔ ጨንቆሻል ማለት ነው። ለሎዌል አትንገሪው። እርሳሱም አይከፋም። ሜርል፣ 2011።»

ሜርል በ2011 የአውራጃውን ዋንጫ የወሰደበትን ዓመት ታስታውሳለህ? «ይኸው በኦርቪል እርሳስ አሸነፍኩ፤ መዳብህን ሰቅለህ እየው» ብሎ ደውሎ አንድ ሰዓት ሲያሾፍብህ አጠገቡ ቆሜ ነበር። በአንተው መዳብ ነው ያሸነፈው። ያ ውሸታም ውድድሩን በመዳብህ ወስዶ፣ ሳጥንህን በእርሳስ ሞልቶ፣ አዲስ ቴፕ ለጥፎበት፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ እራት እየበላን ስለ እርሳስ ጥቅም ሰበከኝ። ምድር ቤት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሄዶ እንባው ቀረ። ናፈቀኝ ሎዌል። እዚያ ቢኖር በመጥረጊያ እንጨት አናቱን እለው ነበር።

ተነስቼ አንዷን ለካሁ። ፀጉር ታህል ወፈር ያለች ናት፤ በዚያው ሽጉጥ ልክ ያስፈሰሳት። አልመዘንኳቸውም፣ አልለየኋቸውም፣ እንደመጡ ሞላኋቸው።

ቅዳሜ ሠላሳ ሠላሳ ጥይት ተኮስን። ደንቡን ታውቃለህ፤ የአንዱን ወረቀት ሌላው ይቆጥራል። ዶክተሩ የእኔን፣ እኔ የእሱን ያዝን። ስንደምር ሁለታችንም ሁለት መቶ ሰባ፤ በየወረቀታችን አንድ አንድ አጠራጣሪ ቀዳዳ ቀረ፣ የአሥሩን ክብ ይንካ አይንካ የማይለይ፤ ከነካ አሥር፣ ካልነካ ዘጠኝ ነው። ሃርላን አጉሊ መነጽር ያላትን መለኪያ አመጣ። የዶክተሩ መዳብ ውድ ነው፤ አፍንጫው ግን ክብ ነው። ወረቀቱን ቀዶት አልፏል፤ ጠርዙ ተተርትሮ መልሶ ተከድኗል። መለኪያዋን ሦስት ጊዜ አስገባሁ፤ ክቡን አትነካም። እንዲነካ ብፈልግ እንኳ አትነካም፤ ለዚህ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። «ዘጠኝ ነው ዶክተር፣ ይቅርታ» አልኩት።

እሱ ደግሞ የእኔን ያዘ። ጠፍጣፋው እርሳስ ወረቀት እንደሚበሳ ማሽን ጥርት አድርጎ ቆርጦታል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ቀዳዳ መመርመር እንጀራው ነው። ኦርቪልም ከክሊቭላንድ መጥቶ ከኋላ ቆሟልና «ዶክተር፣ ማደንዘዣ ይምጣ እንዴ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ዶክተሩ ቀና ብሎ «ነክታለች። አሥር ናት። ቦታው የእርስዎ ነው እመቤት» አለኝ። ዘጠኝ ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሃርላን ሰሌዳውን በእጅጌው አብሶ «ቨርና» ብሎ ጻፈ።

ዛሬ ከሰዓት ፋኒ ዮደር አምስቱን ካርቶን ይዛ መጣች። «ኢላይ አማቶቹ ፊት ለቁርስ ሊሰብራቸው ነበር። የኛ ዶሮዎች እንዲህ ያለ ጥለው አያውቁም፤ ያንቺዎቹን ምንድነው የምታበያቸው?» አለችኝ። ከእነሱ የሃይማኖት ወገን እንዲህ ያለ ቀልድ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ግን ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ዶክተር ፕሬስተን ከተሸነፈ በኋላ ምን እንደምተኩስ ጠየቀኝ፤ እኔም በደስታ ራሴን ስቼ በሰው ፊት ነገርኩት። እዚያው ቆሞ ከኦርቪል አሥር ቆርቆሮ አዘዘ። ከኋላው ሌሎቹ ተሰለፉ። ኦርቪል ሐኪም ደንበኛ ኖሮት አያውቅም። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠጋ ብሎ «ቨርና፣ ገበያው እንዲህ ሆነ እንግዲህ፤ ቆርቆሮው አርባ ዶላር ነው» አለኝ። «እኔንም?» ስለው «አንቺን ሠላሳ ዘጠኝ፤ ቆርቆሮው ከተመለሰ» አለኝ። በገዛ አፌ ርካሹን እርሳስ ከሐኪም በቀር ማንም እንዳይገዛው አደረግኩት።

ስለዚህ የአባታችንን የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ ላክልኝ፤ ከእንግዲህ ራሴ አፈስሳለሁ። አባዬ ሲሞት «ቨርና ምን ታደርገዋለች» ብለህ ከአልጋው ሥር መውሰድህን አይቻለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ዝም ያልኩት እንዳላየሁ እንዳይመስልህ። አንተ የእኔን ቅርጽ ወሰድክ፤ ባሌ የአንተን መዳብ ወሰደ። ተካክለናል። የመላኪያውን አንተ ክፈል።

ግሬታን በግራ ጆሮዋ በኩል ሳምልኝ። ኮሪንን፣ ልጇንም፣ ያን ዓሣ የሚሰርቅ ውሻችሁንም ሰላም በልልኝ። ሃርላን ሰላም ብሎሃል፤ ኦርቪል ሰላምታ ላከ፣ እሱን ግን አልቀበልም። ጉልበትህን በሙቅ ጨርቅ እሸው። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ሁልጊዜ የምትወድህ እህትህ፣
የቡድኑ አራተኛ፣ ቨርና

በርች ራን፣ ኦሃዮ
ሰኞ፣ ማርች 11 ቀን 2019