ጥቁሩ ቅርጽ ከጎን ሲታይ

ኅዳር 9 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሳይሆኑም ደህና ነኝ ማለትን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ስደውል ስለማያነሱ ወረቀት መረጥኩ። ፊደሉን ያጎላሁት ሆን ብዬ ነው፤ ልጅዎ ሳታነብልዎት ራስዎ ቢያነቡት ይሻላል።

ያን ቀን በመጋዘኑ ግቢ ክሬኑ ያወረደው ብረት ያን ጫኝ፣ ረጅሙን፣ ከገደለው በኋላ እርስዎ ቃልዎን ሰጥተው ወደ ልጅዎ ሲሄዱ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና አደጋው በኮምፒውተር አኒሜሽን ተሠርቶ ይቅረብልኝ አለ። ሥራው እኛ ቢሮ መጣ። አለቃችን፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ “ቶሎ ቶሎ” የምንለው፣ ማኅደሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ስከፍተው የክሬኑ ቁጥር የእርስዎ ነው።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው ብዬ ሥራውን መመለስ ነበረብኝ። ሳልናገር ያዝኩት። ከባዕድ እጅ ከሚገባ እኔ ብሠራው ለእርስዎ የሚሻል መሰለኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ሴት ዳኛ ናቸው። ጥብቅ ትእዛዝ ላኩልን፤ ሰዎቹ ፊት አይኑራቸው፣ ልብስ አይኑራቸው፣ ብርሃንና ጥላ አይንካቸው፣ ድፍን ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሁኑ። ፊት ያየ ሰው ወይ ያዝናል ወይ ይጠላል፣ እኔ ሁለቱንም አልፈልግም አሉ።

ለእኛ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ የምንሠራው ሰው ሙሉ ነው፤ ዙሪያውን ቢዞሩት ፊትም ጀርባም አለው። መብራቱን ሁሉ አጥፍተን አንድ ጥቁር ቀለም ስንቀባው ግን ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። አፍንጫው እዚያው ነው፣ ደረቱም እዚያው ነው፤ አይታይም እንጂ። ከፊት ለፊት ሲያዩት ታዲያ ፊቱን ይስጥዎት ጀርባውን አይለዩም።

የእኛ ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ በቃልዎ፣ ከታች ቆሞ በእጁ የሚመራዎት ምልክት ሰጪ ፊቱን ወደ ክሬኑ አድርጎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ እጁን አንስቶ አውርድ አለኝ ብለዋል። እሱ ደግሞ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ እጄን ያነሳሁት ረጅሙ ከሥር እንዲወጣ ብዬ ነው ብሏል። የበሩ ካሜራ ከጎን ቀርጿቸዋል፤ ግን ከሩቅ ነው፣ ሰው የጥፍር ያህል ነው የሚታየው።

በመጀመሪያ እርስዎ እንዳሉት ሠራሁት። የኔን ሰው በካሜራው ምስል ላይ ደርቤ አንድ በአንድ አስኬድኩት። ቁመቱ ገጠመ፣ እጁም ገጠመ፤ እግሩ ግን መሬት አልይዝ አለኝ፣ ይንሸራተታል። ሁለት ቀን ታገልኩት። ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው ቀድሞ የሚያሳርፈው ጣቱን ነው፤ ወደ ፊት የሚራመድ ግን ተረከዙን። በሦስተኛው ቀን ሰውየውን አዞርኩት። እግሩ መሬት ያዘ።

ያን ጊዜ ነው የደወልኩልዎት። ፊቱን ነው ያዩት ጀርባውን ብዬ ጠየቅሁዎት። “ፀሐይ ነበረች። ጥቁር ነገር ነው ያየሁት፣ እጁ ተነሥቶ” አሉኝና ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም።

ኮሚቴው ያዘዘው ከክሬኑ ወንበር የሚታየውን ብቻ ነበር። ከዚያ ሲታይ ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው። ቶሎ ቶሎ ከጎን የሠራሁትን ኮምፒውተሬ ላይ አይቶ፣ ያልጠየቁትን መመለስ ሥራ ማብዛት ነው፣ ተይው አለኝ። ልተወው ፈልጌ ነበር ጋሼ። እውነቴን ነው። ማንም አያውቅም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የታዘዘው ታየ። ጥቁሩ ሰው እጁን አነሣ፣ ብረቱ ወረደ። የመጋዘኑ የደኅንነት ኃላፊ ራሱን ነቀነቀ፤ በቃ፣ ምልክት ተሰጥቷል ማለቱ ነው። ምልክት ሰጪው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሥራ ታግዶ ነበር፣ ሊከሰስም ነው ይባል ነበር። አልተቃወመም። ያን ምስል አይቶ እሱ ራሱ ራሱን የተጠራጠረ መሰለኝ። ይሄኔ ነው ያላስቻለኝ።

ሌላ አለ ብዬ ተነሣሁና ከጎን የሚታየውን ከፈትኩ። ያው ድፍን ጥቁር ነው፤ ከጎን ግን ጥቁርም አፍንጫ አለው፣ ተረከዝም አለው። ሰብሳቢዋ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

የደኅንነት ኃላፊው ማን አዙሪው አለሽ አለኝ።

“እግሩ ነው አዙሪኝ ያለኝ” አልኩት። “ሌላም ልንገራችሁ። የክሬኑ ሠራተኛ አጎቴ ናቸው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።”

ቶሎ ቶሎ ዐይኑን ጨፈነ። ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ታዲያ ለምን በሳቸው ላይ ትመሰክሪያለሽ ሲሉኝ፣ ሦስት ዓመት የደበቅሁት ወጣ።

“እሳቸው አልዋሹም። ያዩት ይሄንኑ ጥቁር ነው። ዐይናቸው ደክሟል። ለሥራው የዐይን ምርመራ የፊደሉን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች በቃል ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ።”

አልኩት ጋሼ። ያን እሑድ በረንዳው ላይ እየሳቅን ያጠናነውን፣ የመጨረሻዋን መስመር ሲሳሳቱ ኩርኩም እሰጥዎታለሁ እያልኩ ያሾፍኩትን፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩት። ያዘኑብኝ እንደሆነ ልክ ነዎት። ግን ጫኙ ሞቷል፣ ምልክት ሰጪውም ያለ ኃጢአቱ ሊታሰር ነበር። ሸክሙን ሦስታችን ተሸክመን ቢሆን ይቀለው ነበር፤ እሱ ብቻውን ተሸክሞት ቆየ።

ሰብሳቢዋ ኃላፊውን ሰሌዳው ስንት ጊዜ ተቀይሯል ብለው ጠየቁት። መሬት መሬት እያየ፣ ተቀይሮ አያውቅም አለ። እኔን ከሥራው አነሡኝ፤ ይገባል። ሌላ ባለሙያ ከባዶ ተነሥቶ እንዲሠራው አዘዙ፤ እሱም ትናንት ጨርሶ ተረከዙን አገኘው። ምልክት ሰጪው ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ነጻ ነው። ቶሎ ቶሎ እስክጠራሽ ቤትሽ ተቀመጪ ብሎኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ። በእኔ ላይ የሚወስኑትን ገና አላወቅሁም።

እርስዎን ለኅዳር 25 ይፈልጉዎታል። በስልክም ይሆናል ብለዋል፤ እኔ ግን በአካል ቢመጡ እላለሁ።

ምልክት ሰጪው ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሳቸው የሚሉኝን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ እንደ አባቴ ነበሩ አለኝ። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። “አላየሁም ካሉ አልቀየማቸውም፣ ንገሪያቸው” አለና ወለሉን አየ። “አየሁ ካሉ ግን…” አልጨረሰውም። እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ጋሼ፣ አንድ ቃል ነው የቀረው፤ እኔ ልልልዎት ብችል ብዬልዎት ነበር። የሚመጡበትን ቀን ለልጅዎ ይንገሯት፣ እሷ ትደውልልኛለች። ከአውሮፕላኑ እንደወረዱ ከበሩ አጠገብ ይቁሙ፣ አይፈልጉኝ። እኔ አይቼ እመጣለሁ።

ፈጣሪ ልብዎን ያበርታልኝ፤ ዕድሜዎን ከሰላም ጋር ያድርግልኝ።

ያሳደጓት፣
ጭራሮ