የመመለሻ ፈቃድ

ጥቅምት 12 ቀን 1976፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ደብተር፣ ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅ፦ የመመለሻ ፈቃዴ ሳይታደስ ከኢትዮጵያ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። ፈቃዱ የሚያበቃው በፈረንጆች ኦክቶበር 31 ነው። እስከዚያ ካሳደስኩ የአንድ ማኅተም ጉዳይ ነው። ካለፈ እንደ አዲስ ማመልከት፣ ወራት መጠበቅ።

ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ያለ ስኳር፤ የቀበሌው ሱቅ የሚያድለው ሐሙስ ነው። ከህንድ፣ ከኬረላ የመጣው የእህቴ የአና ደብዳቤ ለአምስተኛ ጊዜ ተነበበ። የጻፈችው ራሷ ናት፤ መስመሩ ግን ወደ ታች እየወረደ ከወረቀቱ ሊወጣ ይደርሳል። ቀኝ ዓይኗ ጨልሟል። ግራው እየጠበበ ነው። ሐኪሙ ተስፋ አልሰጣትም። ይህም ሳይዘጋ ፊትህን ልየው ትላለች። በዕድሜዋ ሌላ ነገር ለምናኝ አታውቅም።

ለኅዳር መጨረሻ የአውሮፕላን ቦታ ይዣለሁ። ሦስት ሳምንት እቆያለሁ። ከዚያ ወደ ጉለሌ። ባለቤቴ ሶሳ ያረፈችው እዚህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትም በዚህ አገር ነው። አንተንም በአማርኛ የጀመርኩህ ፊደል ለመለማመድ ነበር፤ አሁን በእናቴ ቋንቋ በማላያላም ስጽፍ ነው ቆም ብዬ የማስበው።

ቀኑን አስልቻለሁ። ለጥቅምት አሥር ይደመራል። 31 የሚሆነው ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ። ዘጠኝ ቀን አለኝ።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት ከሩብ

ለማሳደስ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሰሚናር ላይ ናቸው። ማኅተሙ በሳቸው መሳቢያ፣ የመሳቢያው ቁልፍ በሳቸው ኪስ። ጸሐፊዋ አርብ ይመጡ ይሆናል አለች። "ይሆናል" የምትለውን ቃል ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ጎረቤቴ ተሰማ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ተቀምጧል። ለአና ጋቢ እየሠራ ነው፤ ማንም ሳይለምነው። ክፉኛ ያሳል። ሐኪም ቤት ሂድ አልኩት። "ቲቸር፣ ጋቢው ሳያልቅ የትም አልሄድም። እህትዎ ባታየው እንኳ በእጇ ታውቀዋለች" አለኝ። ሚስቱ ወ/ሮ ዘነበች ደጅ ላይ ማድጋዋን እያለሰለሰች፣ ሰውዬው የሚታመመው ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው ብላ ሳቀችበት።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

ስኳር ተሰጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ፣ ህንዱም ከእኛ ጋር ይሰለፋል እንዴ፣ አገሩ ሞልቶ የለም ወይ አለች። ከኋላዋ ያለችው፣ ልጆቼን ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ አገራቸውስ ይኸው አይደለም ወይ ብላ ተቆጣቻት። ሁለቱም ልክ ናቸው። በቀይ እስክሪብቶ የማርመው ነገር አላገኘሁም።

ባለፈው ኬረላ ስሄድ (ዘጠኝ ዓመት ሆነው) አና እያወራችኝ፣ እንደዚህ አገር ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ "አዎ" አልኳት። ደንግጣ ተነሳች። አስም የያዘኝ መስሏት ደረቴን በዘይት አሸችኝ። እዚህ ደግሞ ራሴን ግራና ቀኝ ሳወዛውዝ ተማሪዎች ከኋላዬ እንደ እኔ ሲያወዛውዙ ኖሩ። እዚያ በትንፋሼ፣ እዚህ በራሴ እታወቃለሁ።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ፣ 7 ሰዓት

ተፈረመ! ሊቀመንበሩ ትናንት ቀሩ፣ ዛሬ ለግማሽ ሰዓት ብቅ አሉ። ደብዳቤው ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት። ሳላርም ኪሴ ከተትኩት። ይህ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ፈቃድ የሚያድሰው መ/ቤት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዝግ ነው። ሰኞ እሄዳለሁ። ማክሰኞ መጠባበቂያ። ከሶሳ መቃብር ሄጄ ነገርኳት። ሣሩን ነቀልኩ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ከዚያ የሟቹ ስም ተጠራ፦ ጎረቤቴ ተሰማ።

ከረባቴን አስሬያለሁ፤ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። በር ላይ ቆምኩ። የእድሩ መዝገብ እኔ ዘንድ ነው፤ ድንኳን ተካዮችን፣ ወንበር ተሸካሚዎችን ስም የምጠራ እኔ ነኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። መዝገቡን ለሌላ ሰጥቼ መሄድ እችል ነበር። ግን ማክሰኞ አለ። ማክሰኞን ያስቀመጥኳት እንዲህ ላለው ቀን ነው። ተመልሼ መዝገቡን አነሳሁ።

ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ። ስም ስጠራ የቀረ ሰው አልነበረም። ጋቢው እኩሌታ ላይ፣ እንደተወጠረ ቀርቷል።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

 

መ/ቤቱ ሲከፈት ከመስኮቱ ፊት ነበርኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ገለጠች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትናንት አልቋል አለች። የለም፣ 31 ዛሬ ነው አልኳት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝም አልኩ። የጠረጴዛዋን መቁጠሪያ ወደ እኔ አዞረችው። ኖቬምበር 1።

ጳጉሜን! ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ተከታዩ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል፤ ለጥቅምት የሚደመረው አሥራ አንድ ነው። ይህን በየአራት ዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሁለት ጊዜ አስምሬበት አስተምሬያለሁ። የረሳውን ተማሪ ዜሮ ሰጥቻለሁ። በራሴ አሰላለሁ እያልኩ የግድግዳ መቁጠሪያ እንኳ ገዝቼ አላውቅም።

ልጅቷ ደግ ናት፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ገብታ አለቃዋን ለምና ወጣች። አይሆንም። አዲስ ማመልከቻ፤ አራት ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መውጣቱንማ መውጣት ይችላሉ ጋሼ። መመለሱ ነው እንጂ" አለችኝ። ለመውጫ ብቻ የሚሞላ ቅጽ ሰጠችኝ። አንዱ መስመር ቤቱን ለቀበሌ ስለማስረከብ ነው።

በእግሬ ተመለስኩ። የት የት እንዳለፍኩ አላስታውስም።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

የተሰማ ሠልስት። ድንኳን ውስጥ የቀበሌዋ ጸሐፊ ፈቃዱ ታደሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። ወ/ሮ ዘነበች ሰማች።

"ጋሽ ማቴዎስ፣ ያመዎታል እንዴ? ተሰማ የት ሊሄድብዎት ነው? ሰኞ ሄደው ማክሰኞ ቢያለቅሱለት ይቀየምዎት ነበር?"

ስም ማን ይጠራ ነበር አልኳት።

"እኔ እጠራዋለኋ! የባሌን ቀባሪ እኔ አላውቀውም?"

ድንኳኑ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። እኔ የምይዘው አጥቼ መዝገቡን ያዝኩ።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

መድኃኔ ዓለም። ሰፈሩ ባዶ ነው፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። ከበሮው እስከ ቤቴ ይሰማል። እኔ አልወጣሁም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት። የአዲሱ ማመልከቻ ደረሰኝ፤ አርብ አስገብቻለሁ። ሌላው የመውጫው ቅጽ፤ ተሞልቷል፣ አልተፈረመም። አንደኛውን ከጠበቅሁ አና ሳታየኝ ትታወራለች። ሁለተኛውን ከፈረምኩ የሶሳን ሣር የሚነቅል የለም፤ እኔም በዚህ ዕድሜ ትንፋሼን የት እስባለሁ? ስድስት ቀን ሳሰላ ከረምኩ። አይወጣም። የጎደለኝ አንድ ቁጥር ነው፤ የአና ዓይን ስንት ቀን አለው?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አንድ ገጽ በማላያላም ፊደል ጻፍኩ። ሰባት መስመር። የመጀመሪያው እንደ አውራ ጣት ትልቅ፣ ሰባተኛው እንደ ጤፍ። በማስመሪያ ለካሁት። ቃላቱ ትርጉም የላቸውም፣ አና በግምት እንዳታነበው።

ደንቡ ይኸው፦ እስከ አምስተኛው ካነበበች ፈቃዱን እጠብቃለሁ። ሦስተኛው ላይ ካቆመች ፈርሜ እሄዳለሁ። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። አና ካወቀች ለእኔ ብላ ትዋሻለች። አራተኛው ላይ ብታቆምስ? አላውቅም፣ ደብተር። ለአራተኛው ደንብ ላወጣለት አልቻልኩም።

ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት። የደብዳቤው ቃል ይህ ነው፦

አና፣ የምመጣበት ቀን ትንሽ ተዛብቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሒሳብ ስሕተት። አብሮ ያለውን ወረቀት ይዘሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጪ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ በበረንዳው በኩል ስትገባ። ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢው። ማንም እንዳያነብልሽ። አንቺም አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ስንተኛው መስመር ላይ እንደቆምሽ ቁጥሩን ብቻ በራስሽ እጅ ጻፊልኝ። ደብዳቤ በመንገድ ላይ ብዙ ቀን ይበላል። ስለዚህ ይህ በደረሰሽ ዕለት፣ ሳታሳድሪ፣ መልሺልኝ።