የልጄ ፕሮግራም ቁጥር ባወጣበት ቀን
ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

ዛሬ ደስታዬን አጣጥሜ ሳልጨርሰው መረረኝ። የጽሕፈት ሱቄ ኮምፒውተር ሥራ መሃል እየጠፋ ሲያበግነኝ ከርሞ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው ልጄ ትርንጎ ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፈችለት። ሰሞኑን ዜሮ ብቻ ነበር የሚያወጣው።

«እማዬ፣ የጻፍኩበት የኮምፒውተር ቋንቋ ብረቱ ድረስ ወርዶ ሙቀቱን አያነብም፤ አገናኝ ፕሮግራም ይፈልጋል» ትለኝ ነበር።

ዛሬ አገናኙ ሠራ፤ ቁጥሩ ወጣ። ለካ ማሽኑ እንደ ምድጃ ግሏል! ለአቧራ ብዬ ያለበስኩትን ጥልፍ ጨርቅ ስትገፍፈው ቁጥሩ ወረደ።

«አፍነሽው ነበር እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እልል አልኩ። ሻንጣዋን ሲያሰናዳ የነበረው አባቷ ግን ቀና ብሎም አላየን።

«እና ይኼ ቁጥር ሥራ ያስቀጥራታል?» አለና ሻንጣዋን ዘጋው።

በተማረችበት የሚቀጥራት አጥታ፣ ነገ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤሩት ልትነሣ ነው። ማሽኔን ያዳነች ልጅ የሰው ወለል ልትወለውል...