የሰባት ዓመቱ ተዝካር

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 2006 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ እያመመሽም ስግደቱን አላቆምሽም አሉ፤ አንቺን ማን ይመልስሻል! እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያው ፌርፋክስ ላይ የሰው መኪና አቆማለሁ፣ ማታ ኢንግልዉድ ገብቼ እተኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት በምትገባው በሮማን እጅ የላክሁልሽ ስልክ ላይ መናገር ስላቃተኝ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ባለፈው ወር ለእረፍት ወደ ባሕር ሄድኩ ያልኩሽ ግማሹ ውሸት ነበር። ባሕሩ ነበረ፣ እረፍቱ አልነበረም።

ጋሼ አምሃ የሚባሉ የታክሲ ሹፌር አሉ፤ መኪናቸውን እኛ ጋ ነው የሚያቆሙት። እንደ አባቴ የድሮ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። አንድ ቀን የአባቴን ስም ስነግራቸው ቁልፋቸውን ሳይሰጡኝ ቆመው ቀሩ። «ሊሰን ፋኒዬ፣ ሹር ባልሆን አልነግርሽም። ወንድይፍራው ምጽዋ ላይ አልሞተም፤ በመርከብ አምልጧል። ላስት ይር አንድ ጓደኛችን ትሪኒዳድ፣ ፖርት ላይ አግኝቶት ምሳ አብረው በልተዋል» አሉኝ። «ሶ፣ እናትሽ አታውቅም?» አሉ። አታውቅም አልኩ፣ በሙሉ አፌ።

ደነገጥኩ እማዬ። አንቺ ለግንቦት ልደታ ባሌ ሞቷል ብለሽ ቆብ ልትደፊ ነው፤ ሰውየው ደግሞ በሕይወት አለ ይሉኛል። ለነፍስሽ ፈራሁ። እውነት ከሆነ ከመመንኮስሽ በፊት ልነግርሽ፣ ውሸት ከሆነ አርፌ ልቀመጥ ብዬ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

ቦታው ፖይንት ሊሳስ ይባላል። የካሪቢያን ደሴት ሲሉሽ ነጭ አሸዋ እንዳይመስልሽ። የማዳበሪያና የብረት ፋብሪካ፣ ቧንቧ በቧንቧ፣ በጠራራ ፀሐይ ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ የሚነድ እሳት ነው። አየሩ ዓይን ይቆጠቁጣል። ያደረሰኝ ሹፌር፣ እዚህ ሰው ለሥራ እንጂ ለጉብኝት አይመጣም ብሎ ሳቀብኝ።

የወደቡ በር ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ዘበኛው ሁለት ጊዜ ራቂ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ራቅሁና ተመለስኩ። ከምሳ በኋላ የመርከብ ገመድ የሚያስሩት ሠራተኞች ወጡ። አንድ ሽማግሌ ጓንቱን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ግራ እግሩን ሳብ እያደረገ መጣ። አፍንጫው የእኔ ነው። ቆሞ አየኝና በአማርኛ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

የሟች ወንድይፍራው አልኩት።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚህ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። እሱ ግን ቀደመኝና «እናትሽ ፈቀደችልሽ?» አለኝ። ምኑን ነው የምትፈቅደው፣ መኖርህን መቼ አወቀችና አልኩት።

ቤቱ ወሰደኝ። የዚያ አገር ሚስት አለችው፤ ምግብ አቀረበችልኝ፣ ጾም ነው ብዬ አልነካሁም። ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። እጅ ጽሑፍሽን ስንት ዓመት አውቀዋለሁ? ጥቅምት 1986 ይላል። «ሌላ አግብቻለሁ ብለህ ጻፍክልኝ፤ ይቅናህ። ልጄ ግን አባቷን አልቅሳ ጨርሳለች። አባቷ የጣላት ከምትባል የሙት ልጅ ትባል። ሁለተኛ እንዳትጽፍ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሰባት ዓመቱን ተዝካር ያወጣሽው እኮ ከዚያ በኋላ ነው እማዬ፣ በ1989። ዝናብ ጥሎ ድንኳኑ ያፈሰ ዕለት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ለካህናቱ ጠላ እየቀዳሁ ሳለቅስ ዋልኩ። ያንቺ ዓይን ደረቅ ነበር። ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት አለ፤ እኔም ኮራሁብሽ።

ሲሸኘኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ተዝካሬ ላይ ሰው መጥቶ ነበር ወይ አለ። ግቢው ሞልቶ ነበር አልኩት። አለቀሰ።

ጠላሁሽ ብል እዋሻለሁ። ግን በጣም ተናድጄብሻለሁ። የተጣለች ብባል ኖሮ የሰፈሩ ልጆች ምን ያደርጉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱን አልክድሽም። ቢሆንም ያን ሁሉ ዓመት ማንን ነበር ያለቀስኩት? በሕይወት ላለ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ስታስደርሺ አልፈራሽም?

ለልደታ ትኬት ቆርጫለሁ። ቆቡን ከመድፋትሽ በፊት የንስሐ አባትሽ ባልሽ በሕይወት አለ ወይ ብለው ይጠይቁሻል። አጠገብሽ እቆማለሁ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም። አንቺ ግን ዓይን ዓይኔን እያየሽ መልሺላቸው።

እመቤታችን ጉልበትሽን ትማርልሽ፤ ለፋሲካው በሰላም ታድርስሽ።

የሁለታችሁም ልጅ