የእንጀራ ልጅ የሆነች መኪና

ለወንድሜ ለሣህሉ፤ ሻርጃ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን፤ የደቻቱ ጎርፍም ዘንድሮ ሳያስቀይመን አለፈ።

የላክህልን መኪና እያገለገለችን ነው። ስምረት ሐረር ስለምትሠራ ልጇን ከኋላ አስቀምጣ በየቀኑ የደንገጎን ዳገት ትወጣባታለች። በቅርቡ ፋብሪካው እሷ የተሠራችበትን ዓመት ምርቶች «ሞተራቸው ዘይት አፍስሶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል» ብሎ ለጥገና መጥራቱን አነበብኩ። የሻንሲ ቁጥሯን ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ፤ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። አዲስ አበባ ያለው ወኪል ግን «እኛ ያላስገባናትን አናውቃትም» አለኝ። መኪናም የእንጀራ ልጅ አለው ለካ!

መካኒኩ ነጅሙዲን የሚቃጠል ነገር እንደምትሸት ብነግረው «አቦ ጋሽ ይትባረክ፣ በድሬ ፀሐይ የማይሸት ሞተር አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስምረትም «አባዬ፣ አንተ በሠርጌ ቀን እንኳ የጥሪ ካርዱን ፊደል ስታርም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንከን ስለቅም ኖሬ፣ ዛሬ የሚያምነኝ አጣሁ።

ቁጥሯን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። የገዛህበት ቦታ ሄደህ የሚለወጠውን ዕቃ ጠይቅልኝ፤ እባክህ ይህ ሳምንት አይለፍህ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። የስምረት ልጅ ኤልዳና አራት ዓመት ሞላት። ቀበቶዋን ፈትታ፣ በሩን ከፍታ ከመኪናው መውረድ አስተምሬያታለሁ። መጀመሪያ እስከ ሃያ እቆጥርላት ነበር፤ አሁን ስምንት ላይ መሬት ትረግጣለች። ጨዋታ መስሏት «አያዬ፣ ድገመው» ትለኛለች። እደግመዋለሁ።

ኤልዳና «ሳምልኝ» ብላኛለች። አንተንም እሷንም አምላክ ይጠብቅልኝ።

ወንድምህ ይትባረክ
ሳቢያን፣ ድሬ ዳዋ